ነቀፌታ የሌለበት አስተያየት

ባለፈው ሰሞን አንዲት ልጅ ጥያቄ ጣለችብኝ። ጀማሪ ኦዲተር ናት፤ እኔም እንደ እሷ ጴንጤ መሆኔን ከሰው ሰምታ ነው። "ጋሼ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን እምነቷን እየለቀቀች መሆኑ ሳትወድቅ በፊት በምን ይታወቃል?" አለችኝ። ለጊዜው በቀልድ አለፍኩት። "ስፒከሩ ከሰባኪው ሲበልጥ ነዋ!" አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ስንት ዓመት የተውኩት ነገር ተመልሶ መጣብኝ። እና ለእሷ ብቻ ከምመልስ ለእናንተም ልጻፈው ብዬ ነው።

ሰባኪ አይደለሁም። ሥነ መለኮትም አልተማርኩም። ዕድሜዬን የሰው ሂሳብ ስመረምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከመሥሪያ ቤት ሥራዬ ጎን ለጎን ግን የትንንሽ አጥቢያዎችን ሂሳብ በነጻ እመረምር ነበር፤ በተለይ እኛው አካባቢ፣ ከተማው ዳር ያሉትን። ፉሪ፣ ዓለም ገና፣ ሰበታ፣ ሃና ማርያም። ትልልቆቹ ከፍለው ያስመረምራሉ፤ ትንንሾቹ "ጋሼ እባክዎ" ይላሉ። ስለዚህ እኔ የማውቀው ከመድረክ የታየውን ሳይሆን ከመዝገብ የታየውን ነው።

ፉሪ ላይ አንዲት አጥቢያ ነበረች። ስሟን አልጠራም፤ ከእሷ የወጡ ሰዎች ዛሬም አሉ። በደርግ ጊዜ በአንድ ገበሬ ቤት በድብቅ የተጀመረች ናት። ያኔ ፉሪ ጤፍ የሚዘራበት ገጠር ነው፤ ኮንዶሚኒየም የለ፣ ባጃጅ የለ። አምስት ስድስት ሆነው ይሰበሰባሉ፤ መዝሙር በሹክሹክታ ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ ቦታ አገኙና የቆርቆሮ አዳራሽ ሠሩ። ግድግዳው ጭቃ፣ ወለሉ አፈር፣ አግዳሚው ያልተላገ ጣውላ። ክረምት ላይ ጫማችሁን በር ላይ በእንጨት እየፋቃችሁ ነው የምትገቡት።

የእነዚያን ዓመታት የወጪ መዝገብ አንድ በአንድ አገላብጬዋለሁ። የሻይ ብርጭቆ ቀለበት የሠራበት፣ ጠርዙ አይጥ የቀመሰው መዝገብ ነው። "ለወንጌላዊው ብስክሌት ከመነዳሪ።" "ለጥምቀት ተማሪዎች ደብተርና እስክሪብቶ።" "ለመጽሐፍ ቅዱስ መግዣ።" "ለለቅሶ ትራንስፖርት።" "ባሏ ለታሰረባት እህት ጤፍ።" ጽሑፉ የዶሮ ጭረት ነው፤ ሂሳቡም ብዙ ጊዜ በሳንቲም አይገጥምም። ገንዘብ ያዡ አራተኛ ክፍል ድረስ የተማሩ ሰው ነበሩ። እኔም በየዓመቱ "ደረሰኝ አልተያያዘም"፣ "ያለ ፊርማ የወጣ ወጪ ተገኝቷል" እያልኩ ስነቅፋቸው እከርማለሁ። እሳቸው ደግሞ "እግዚአብሔር ይስጥልን" ብለው ሻይ ያጠጡኛል።

ከዚያ ነገሩ ተለወጠ። ከተማው ደረሰባቸው። ሰው በዛ፣ የተማረ ሰው መጣ፣ ዲግሪ ያለው ሂሳብ ሹም ተመደበ። መዝገቡ አማረ። ወጪው ግን ሌላ ሆነ። ሚክሰር። ስፒከር። የጄኔሬተር ነዳጅ። ባነር ማሳተሚያ። ለእንግዳ አገልጋይ ሆቴልና የፍቅር ስጦታ። ሁሉም ደረሰኝ አለው፣ ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው። የጥምቀት ተማሪዎች ደብተር የሚለው ወጪ በመጀመሪያ አነሰ፣ ቀጥሎ ጠፋ። ትምህርቱ ወራት ይፈጅ የነበረው ሁለት ሳምንት፣ በኋላም አንድ ከሰዓት በኋላ ሆኖ ነበርና። የረቡዕ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናትም አዳራሹ ለመዘምራን ልምምድ ስለሚያስፈልግ "ለጊዜው" ተብሎ ቆመ። ይህን ሁሉ በቃለ ጉባኤያቸው አንብቤዋለሁ። የሚገርማችሁ፣ አንድም ቦታ "ይህን ትምህርት ከእንግዲህ አናምንም" የሚል መስመር የለም። ሁሉም ውሳኔ የአዳራሽ፣ የሰዓትና የበጀት ጉዳይ ነው።

አንድ ሐምሌ ላይ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። ሪፖርት ላቀርብ ሄድኩ። በሙያችን "ነቀፌታ የሌለበት አስተያየት" የምንለው አለ፤ ሂሳቡ በትክክል ተይዟል ማለት ነው። ለዚያች አጥቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱን ሰጠሁ። ይገባቸው ነበር፤ መዝገቡ እንከን አልነበረውም። አጨበጨቡ።

ጥያቄ ያለው ሲባል አንድ ሽማግሌ ወንጌላዊ ተነሡ። የብስክሌቱ ባለቤት ናቸው። በደርግ ጊዜ ታስረው የተፈቱ፣ ያን የገበሬ ቤት ጉባኤ ከጀመሩት አንዱ። ያኔ አገልግሎታቸው ወደ "ጸሎት ክፍል" ተዛውሮ ነበር፤ ከመድረክ ለማውረድ ያለ ጨዋ ቃል ነው። ከካፖርታቸው ኪስ ትንሽ ደብተር አወጡ፤ የዓመቱን የእሑድ ስብከት ርዕስ ጽፈው ይዘዋል። መነጽራቸው አንድ እግሩ በክር የታሰረ ነው። ቀስ ብለው ማንበብ ጀመሩ። "ከፍታህ ቀርቧል።" "የመውረስ ዓመት።" "በርህ ተከፈተ።" "ጠላትህ ያያል።" አንዳንዱ ወጣት ሳቅ አፈነ። እሳቸው አልቸኮሉም። ገጽ እየገለበጡ እስከ ሰኔ ደረሱ። ከዚያ ደብተሩን ዘጉና "ጌታ ስለ ኃጢአታችን ሞተ፣ ተነሣ የሚለውን ዘንድሮ ከዚህ መድረክ ስንት ጊዜ ሰማን? እኔ የፋሲካ ዕለት ብቻ ነው ያገኘሁት" አሉ።

ሰብሳቢው ክፉ ሰው አይደለም። ፈገግ ብሎ "ጋሼ፣ እሱማ የታወቀ ነው" አላቸው።

"ለማን ነው የታወቀው?" አሉ።

በዚህ መሃል ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ። የፉሪን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ አጠገባችሁ ያለ ሰው ቢጮህ አይሰማም። ሽማግሌው አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ምን እንደሚሉ ግን ከፊት ለፊታቸው ተቀምጬ እንኳ አልሰማሁም። ሰብሳቢው ማይክ ስላለው አሸነፈ። "ወገኖች፣ ኦዲተራችን እንደነገሩን ቤታችን ነቀፌታ የሌለበት ነው! ለጌታ እልልታ!" አለ። እልል ተባለ። የሽማግሌው ጥያቄ በቃለ ጉባኤው "ልዩ ልዩ" በሚለው ተራ ቁጥር ሥር "በአገልግሎት ዙሪያ አስተያየት ተሰጥቷል" ተብሎ ገባ። በኋላ አይቼዋለሁ።

ቁጭቱ እዚህ ላይ ነው። የሰጠሁት አስተያየት ስለ ገንዘብ ነው፤ ልክም ነበር። ዛሬ ብጠየቅ ያንኑ እፈርማለሁ። ግን የእኔ ወረቀት የእሳቸውን ደብተር መዝጊያ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌውን በዚያ አዳራሽ ማንም አላያቸውም። ጥቂት ቆይተው አረፉ፤ ለቅሶ ደርሻለሁ፤ ከዚያች አጥቢያ የመጣው ሰው ጥቂት ነበር።

አሁን "ወዲያው ወደቀች" እላለሁ ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። አልወደቀችም። አደገች! ለጥቂት ዓመታት ሰው አዳራሹ አልበቃውም፤ ውጭ ድንኳን ተጣለ። ይህን መናገር አለብኝ፤ አለዚያ ዋሽቼ ነው። መውደቁ የመጣው አንድ ነቢይ ነኝ ባይ ሲመጣ ነው። ሰውየው የሚለውን ከምን ጋር እንደሚያስተያዩት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ያ የጥምቀት ትምህርት እኮ ለዚህ ነበር የሚያስፈልገው። ግማሹን ሕዝብ ይዞ ወጣ፤ ሚክሰሩንም ይዞ ወጣ። የቀረው በመሬትና በአካውንት ፊርማ ተካሰሰ። ወጣቶቹ አንዳንዶቹ ሌላ ቤት ገቡ፣ የሚበዙት የትም አልገቡም። አዳራሹ ዛሬ የብሎኬት ማምረቻ ነው።

ካነበብኩት ታሪክ ውስጥ የሽማግሌውን ጥያቄ በጣም የሚመስል አንድ አለ። እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ነው። የተማሪዎች ክርስቲያናዊ እንቅስቃሴ የሚባል ትልቅ ማኅበር ነበር፤ የካምብሪጁ ኅብረት በእምነት ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1910 ከእሱ ተለየ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1919፣ እንደገና እንቀላቀል ተብሎ ተወያዩ። ኖርማን ግራብ የተባለ ከጦር ሜዳ የተመለሰ የኅብረቱ ተማሪ የትልቁን ማኅበር መሪዎች አንድ ነገር ጠየቀ። የክርስቶስን የሚያስተሠርይ ደም የመልእክታችሁ ማዕከል ታደርጉታላችሁ ወይ ነው ያላቸው። የተሰጠው መልስ፣ እንቀበለዋለን፣ ግን የግድ ማዕከል አይደለም የሚል ነበር። በቃ፣ ንግግሩ እዚያ ላይ አለቀ። ማንም አልካደም፤ ልብ በሉ። ያ ትልቅ ማኅበር ከጊዜ በኋላ እየመነመነ ሄደ፤ በ1970ዎቹ የድሮው ጥላ ነበር። ከእሱ የተለዩት ጥቂቶች በ1928 የራሳቸውን ኅብረት አቆሙ፤ እሱም በ1947 ከተመሠረተው ዓለም አቀፍ የወንጌላውያን ተማሪዎች ኅብረት መሥራቾች አንዱ ሆነ። እኛ አገር ካምፓስ የምታውቁት የወንጌላውያን ተማሪዎች ኅብረት፣ ኢቫሱ፣ የዚሁ ቤተሰብ ነው።

የአሜሪካኑ የተማሪዎች የሚስዮን እንቅስቃሴም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 በአንድ የክረምት ጉባኤ 100 ተማሪዎች ወንጌል ይዘን ወደ ውጭ እንሄዳለን ብለው ተነሡ። ከመካከላቸው ጆን ሞት በ1946 የኖቤል የሰላም ሽልማት እስከ መቀበል ደርሷል። እንቅስቃሴው በሺህ የሚቆጠሩ ሚስዮናውያን ላከ። በ1920 ጉባኤያቸው ላይ ወደ 7,000 ሰው ተገኘ። ከዚያ ለምን እንደምንሄድ መስማማት አቃታቸው፤ ስለ ጦርነት፣ ስለ ዘር፣ ስለ ኢኮኖሚ ብዙ ተባለ፣ ስለ ወንጌሉ ግን እያነሰ ሄደ። ወራሹ የነበረው ድርጅት በ1969 ራሱን በድምፅ ብልጫ አፈረሰ። ወወክማን፣ የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበርንስ ምን እንበል? እ.ኤ.አ. በ1844 ለንደን ውስጥ የሱቅ ሠራተኞች ለጸሎትና ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት የመሠረቱት ነው። የእኔ ትውልድ የአዲስ አበባ ልጅ ወወክማ ሲባል ትዝ የሚለው ፒንግ ፖንግ ነው። እኔ ራሴ የተማርኩት እዚያ ነው፤ ማንም ስለ ኢየሱስ አልነገረኝም፤ ግራ እጄ ግን እስከ ዛሬ ለፒንግ ፖንግ ጎበዝ ነው።

ስለ ዘርና ስለ ድህነት መናገር ጥፋት ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። በ1971 ዓ.ም. በደርግ የተገደሉት የቤተ ክርስቲያን መሪ ጉዲና ቱምሳ ወንጌል ስለ ነፍስም ስለ እንጀራም ነው፣ አትለያዩት ብለው ለውጭ ለጋሾች ሲሟገቱ የኖሩ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን የምትከፍተው ክሊኒክ ችግር የለውም። ክሊኒኩ ብቻ ሲቀር ነው ችግሩ። የእሳቸው ቤተ ክርስቲያን፣ መካነ ኢየሱስ፣ በ2005 ዓ.ም. ከስዊድንና ከአሜሪካ እናትና እህት አብያተ ክርስቲያናት ጋር በተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ምክንያት ግንኙነት አቋረጠች። ከእነሱ ጋር የሚመጣ ገንዘብ እንደነበር አስቡ። የበጀት ሰው ነኝና ያ ውሳኔ በወረቀት ላይ ምን እንደሚመስል ይታየኛል። የአሜሪካኗ እ.ኤ.አ. በ1988 ስትመሠረት 5.2 ሚሊዮን አባል ነበራት፤ ዛሬ ከ3 ሚሊዮን በታች ናት። በስዊድን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከሕዝቡ 95 በመቶ ያህሉ አባል ነበር፤ አሁን ግማሽ ገደማ ነው። መካነ ኢየሱስ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆናለች።

ግን ቆይ፤ ቁጥር እንዲህ ቀላል አይደለም። በስዊድን የአባልነት ክፍያው ከግብር ጋር ስለሚቆረጥ ብዙ ሰው የሚወጣው ክፍያውን ለመተው ነው። ትምህርታቸውን አጥብቀው የያዙት የአሜሪካ ደቡብ ባፕቲስቶችም እ.ኤ.አ. በ2006 ከነበሩበት 16.3 ሚሊዮን በ2023 ከ13 ሚሊዮን በታች ወርደዋል። እኛም አገር የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጸሎተ ሃይማኖቷን አንዲት ቃል ሳትለውጥ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራዎች መካከል ድርሻዋ ቀንሷል። ስለዚህ እምነቱን የያዘ ሁሉ ይበዛል የሚላችሁን አትመኑት። የለቀቀ ግን ቢበዛም ምኑ ነው የበዛው? ካናዳ ውስጥ አንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አምላክ የለም የምትል አገልጋይ እ.ኤ.አ. በ2018 በሥራዋ እንድትቀጥል ተስማምቷል። ምእመኑ ቢበዛ እንኳ በምን ስም እንጥራው?

እዚያው ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አለ። በሚያድጉት አጥቢያዎች ካሉት አገልጋዮች 71 በመቶው መጽሐፍ ቅዱስ በየቀኑ ያነባሉ፤ በሚከስሙት 19 በመቶው። ይህን ሳነብ የረቡዕ ጥናት ትዝ አለኝ።

እናንተ ደግሞ "ጋሼ፣ የምን መክሰም ነው፣ እኛ እኮ እያደግን ነው" ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል ፕሮቴስታንቱ ከ10 በመቶ ገደማ ወደ 18.6 በመቶ ደርሷል። ግን ያ እድገት ከየት መጣ? በጣሊያን ጊዜ ሚስዮናውያኑ ከወላይታ ሲባረሩ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ነበሩ፤ ሲመለሱ 10,000 ገደማ ጠበቃቸው። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ ስትዘጋ አባሎቿ 5,000 ያህል ነበሩ፤ ደርግ ሲወድቅ በአሥር ሺዎች ሆነው ወጡ። አዳራሽ የላቸውም፣ ኪቦርድ የላቸውም። የነበራቸው ያ "የታወቀ ነው" የተባለው ነገር ብቻ ነው። አሁን የምንበላው የእነሱን ቁጠባ ነው፤ ገቢ ስለሌለው ወጪ ደግሞ ማንም ኦዲተር የሚላችሁን ታውቃላችሁ።

የዘመኑ ልጆች አንድ ነገር ያናድዱኛል። የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ አይታችሁ ሰባኪ ትመርጣላችሁ። ቲክቶክ ላይቭ ላይ ሰው ሲወድቅና ሲንፈራፈር አድራችሁ ጠዋት ሮሜን ክፈቱ ስትባሉ ስልካችሁ ላይ ትፈልጋላችሁ፤ ብሉይ ይሁን አዲስ የማይለይም አጋጥሞኛል። በሌላ በኩል ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ እኛ የተሻልን አልነበርንም። ስንቱን ልጅ በጸጉሩ፣ ስንቷን በሱሪዋ ከቤት አባረርን! ኳስ ማየት ኃጢአት ነው ተብሎ አንድ ጎበዝ ዘማሪ ተገሥጾ ጠፋ። ዋናውንና ቅርፊቱን አንድ ላይ ቋጥረን ሰጠናችሁ። እናንተ ቅርፊቱን ስትጥሉ ፍሬው አብሮ ቢወድቅ ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለም። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ እኩዮቼ አይስማሙም።

ዋናው የቱ ነው ለሚለኝ፣ እናቴ ትዝ ትለኛለች። ኦርቶዶክስ ነበረች፤ ፊደል አትለይም። እህል ስታበጥር ግን ጸሎተ ሃይማኖትን በግእዝ ታንበለብለው ነበር፤ "ዘዕሩይ ምስለ አብ በመለኮቱ" ስትል ሰፌዱን ቆም ታደርጋለች፤ ወልድ በመለኮቱ ከአብ ጋር እኩል ነው ማለት ነው። ለዚያ ሐረግ እ.ኤ.አ. በ325 ኒቅያ ላይ ምን ያህል እንደታገሉለት አታውቅም። ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ ይህን የኒቅያ እምነት የማይቀበለው የሮሙ ቄሣር ቆንስጣንጢዮስ ለአክሱሞቹ ኢዛናና ሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ ጳጳሳችሁን ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ ላኩ፣ እኔ የሾምኩት ጳጳስ ይመርምረው እንዳለ ደግሞ በፍጹም አትሰማም። ደብዳቤውን አትናቴዎስ በጽሑፉ አቆይቶልናል። ሮም ያኔ ሮም ናት። አክሱም ግን በኒቅያ እምነት ቀረች፤ ፍሬምናጦስንም አባ ሰላማ ብላ አከበረች። እናቴ ጋ የደረሰው በዚያ በኩል ነው። ጴንጤ ስሆን አልቅሳብኛለች፤ በሌላ ጊዜ እጽፈዋለሁ።

ልጅቷ በኋላ መልሳ ደወለች። "ታዲያ እኔ ያለሁበትን ልልቀቅ?" አለችኝ። አትልቀቂ አልኳት። የሚለቅ ሰው በዛ፤ የሚጠይቅ ነው የጠፋው። የዓመቱን የስብከት ርዕሶች ጻፉ። የጥምቀት ትምህርቱ ስንት ሳምንት እንደሆነ፣ ማን እንደሚያስተምረው፣ በጀቱ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። አትጩሁ፣ ፌስቡክ ላይም አትለጥፉት። በጽሑፍ አድርጋችሁ ከጉባኤው በፊት ለጸሐፊው ስጡና ራሱን የቻለ ተራ ቁጥር ይሰጠው በሉ፤ "ልዩ ልዩ" ውስጥ ከገባ ማንም አያየውም። የብዙዎቹ ሂሳብ ሰኔ 30 ነው የሚዘጋው፣ ጉባኤው ደግሞ ሐምሌ ላይ። የምትችሉ ከሆነ ጠዋት ይሁን በሉ፤ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ነው።